ከ«ደህና ሁን» በኋላ ያለው ሃያ ሰከንድ

«ጥቃቅን!» አለች ሂያም፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ብድግ ብላ። «ጥቃቅን ይሉታል! ያ ኻሎ፣ ና እስቲ እይልኝ፤ ጥቃቅን ብለው ጻፉት እኮ!»

አጎቷ ሐጂ ኸይሩ የስልክ ባትሪ በጨርቅ ሲወለውል ነበርና ቀና ብሎ አያት። እንግሊዝኛ አያነብም። ግን የእህቱ ልጅ በአማርኛ ጀምራ በዓረብኛ መጨረስ ስትጀምር ደሟ እንደ ፈላ ያውቃል። አሁንም «ወላሂ ዓይብ ዓለይኩም! ነውራችሁ ነው!» እያለች ኮምፒውተሩን እንደ ሰው ትቆጣው ጀመር።

ስክሪኑ ላይ የተዘረዘረው የዚያ ወር ማስተካከያ ነው። ሱቁ ውስጥ ዘፈንና ፊልም የሚከፍቱበት ማጫወቻ ፕሮግራም በየጊዜው አዲስ እትም ያወጣል፤ ሠሪዎቹም ምን ምን እንዳረሙ ከእትሙ ጋር ዝርዝር ይለጥፋሉ። የዚህኛው አርባ አንድ መስመር ነው። የአንድ ቁልፍ ቀለም ደመቅ ተደርጓል ይላል። የአንድ ቋንቋ ስም የተሳሳተ ፊደል ነበረበት፣ ታርሟል ይላል። ከሁለቱ መካከል ተሸጉጦ ደግሞ፦ «አልፎ አልፎ በሚያጋጥሙ አንዳንድ የድምፅ ፋይሎች መጨረሻ ላይ የነበረ ጥቃቅን ችግር ተወግዷል።» በቃ፣ ይኸው ነው።

እናንተዬ፣ ይህች አንዲት መስመር እስክትጻፍ ድረስ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ምን እንደ ሆነ እነሱ ካልጻፉት እኔ ልናገረው እንጂ! የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት ያለችበት። ቀለምና ቁልፍ መካከል ተወሽቃ የቀረችው የሰው ልጅ ናት።

ሂያም ገዳሪፍ ነው የተወለደችው። አባቷ የጎንደር ሰው ነበር፤ በመተማ በኩል ጨርቅ እያሻገረ ሲነግድ ኖሮ እሷ ገና ዳዴ ስትል ሞተ። እናቷም ብዙ አልቆየች፣ ሐጂ ኸይሩ አሳደጋት። ለትምህርት ያላት ጭንቅላት ጉድ ነው። ኮምፒውተር ልትማር ኮሌጅ ገብታ ሁለት ዓመት ከተማረች በኋላ «ረቀም ወጠኒ አምጪ» አሏት፤ የዜግነት ቁጥር ማለታቸው ነው። ከየት ታምጣ? እዚያው ከተማ ተወልዳ፣ እዚያው ከተማ ፊደል ቆጥራ፣ ዓረብኛዋ ከጠያቂዎቹ ዓረብኛ የጠራ ሆኖ ሳለ፣ ቁጥር የለሽምና ውጪ ተባለች። አሁን ይሄ ለሰው ይባላል? ተባለ እንጂ። ከዚያ ወዲህ አጎቷ ሱቅ ተቀምጣ የሰው ስልክ ሜሞሪ ዘፈን ትሞላለች።

ያን ማጫወቻ ከነፍሷ የወደደችውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚሠሩት በየአገሩ የተበተኑ፣ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚከፍላቸውም የለ። የፕሮግራሙ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል፣ ስህተት ያገኘ ደግሞ በድረ ገጻቸው መዝገብ ላይ ይጽፋል። ጅንሲያሽን፣ የዜግነት ወረቀትሽን አሳዪ የሚል የለም። «ይኼ ቤት ብቻ ነው ግቢ የሚለኝ» ትለው ነበር አጎቷን። እሱም «ይበልሽ ይበልሽ፣ ግን መጀመሪያ የሰውዬውን ሜሞሪ ሙይለት» ይላታል።

አሁን ስለ ድምፁ ልንገራችሁ። ከመተማ ቆላና ከጎንደር በኩል ለሰሊጥ አጨዳ ሱዳን የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ብዙዎቹ መጻፍ አይሆንላቸውም። መንደራቸው ደግሞ ሸበካ የለውም። ስልኩ ቢኖርም የሚደውሉበት ኔትወርክ የለም፤ ለሙዚቃና ለባትሪ መብራት ነው የሚይዙት። ስለዚህ ድምፅ ይላላካሉ። ሰውዬው ስልኩ ላይ ተናግሮ ይቀዳል፣ ሜሞሪዋን ያወጣል፣ በክብሪት ቀፎ ከትቶ ለሎሪ ሾፌር ይሰጣል። ሾፌሩ ድንበሩ ላይ ገላባት ያደርሳል፣ ከዚያ ማዶ ሌላ ሰው ይቀበላል፣ የገበያ ቀን መንደሯ ትገባለች። የሚመለሰውም እንዲሁ ነው።

የድምፁ ወግ ታዲያ ራሱን የቻለ ነው። መጀመሪያ ሰላምታው አለ፤ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። እከሌ እንዴት ነህ፣ የእከሌ እናት እንዴት ነሽ፣ ላሚቱ ወልዳለች፣ ዝናቡ ደህና ነው፣ እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን። ክፉ ነገር ቢኖር እንኳ እዚያ መሀል አይገባም፣ ነውር ነው። ቀጥሎ «በል እንግዲህ ደህና ሁን» ይባላል። ይሄን ጊዜ ያለቀ ይመስላችኋል። መች አለቀና! ተናጋሪው ጉሮሮውን ይጠርግና ረስቶት እንዳስታወሰ ሰው ሆኖ፣ «ኧረ ለካስ አንዲት ነገር» ይላል። ያ ሁሉ ድምፅ የተላከው ለዚያች ለአንዲት ነገር ነው። የሞተ ቢኖር፣ የታመመ ቢኖር፣ የሚጠየቅ ቢኖር፣ ሁልጊዜ ከደህና ሁን በኋላ ነው የሚመጣው። የከበደ ነገር ፊት ለፊት አይወረወርም፤ ሊሄድ የተነሣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ እንደሚናገረው ነው የሚነገረው።

በ2005 ዓ.ም. ክረምት ላይ አዲስ እትም ወጣ። ሂያም እንደ ልማዷ አውርዳ ጫነችው። ሁለት ሦስት ቀን እንደ ሠራችበት፣ ዘፈኖቹ መጨረሻቸው ላይ ቁርጥ እንደሚሉ ልብ አለች፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ትጎድላለች። መዝገባቸው ላይ ገብታ ጻፈች። ከሠሪዎቹ አንዱ መለሰላት፦ «ሁለት ሰከንድ ናት፣ እሷም አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ናት፤ የሚያስቸኩል አይደለም። ለማንኛውም ችግሩ የታየበትን ፋይል ላኪልን።» ያን ሳምንት ከህረባው፣ መብራቱ፣ ብልጭ ድርግም ሲል ሰነበተ፣ ቀጥሎ ሸበካው ጭራሽ ጠፋ። ሲመለስ ገብታ ብታይ ጉዳዩ ተዘግቷል። «በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መልስ ስላልተሰጠ ተዘግቷል» ይላል። የዘጋውም ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው! እሷም አኮረፈችና ተወችው፤ «ማሌሽ፣ ሁለት ሰከንድ ምን አላት» አለች። ይህን ያለችበትን ቀን ዛሬም ድረስ ትረግመዋለች።

በጥቅምት ያረጋል መጣ።

ያረጋል አርባ የሚጠጋው፣ ከመፋዛ ወዲያ ሰሊጥ የሚያጭድ፣ ከመተማ ቆላ የወረደ ሰው ነው። ሚስቱ ሞታ አንዲት ልጁን ሐመልማልን ወንድሙ ጋረደው ዘንድ ትቷት ነው የመጣው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል ናት። ያረጋል ሱቁ በመጣ ቁጥር ወሬው እሷ ናት። «ስምንተኛን ትጨርስ ብቻ፣ ገንዳ ውኃ ከተማ ቤት ተከራይቼ አስተምራታለሁ» ይላል። ዕድሉን አግኝቶ አንዴ ከጀመረ ሐጂ ኸይሩ እንኳ አያስቆመውም። ያ ሰው ከሌሊት ተነሥቶ ሲያጭድ፣ የሰሊጡን ነዶ አስደግፎ ሂላ አድርጎ ሲያቆም፣ ጀርባው እስኪጎብጥ የሚለፋው ለዚያች ደብተር ነበር።

የዚያን ቀን ስልኩን ጆንያ ተጭኖት መስተዋቱ ደቅቋል። ወንድሙ የላከለትን ሜሞሪ ይዞ «እስቲ በኮምፒውተርሽ አሰሚኝ» አላት። ከፈተችለት። ያረጋል ባንኮኒው ላይ ክንዱን አስደግፎ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ የአገሩን ሰው ስም ሰማ። አንዳንዴ «እኔን!» ይላል፣ አንዳንዴ ብቻውን ይስቃል። በመጨረሻ የጋረደው ድምፅ «በል እንግዲህ ደህና ሁን ወንድምዓለም» አለና ጸጥ አለ።

ያረጋል ትንሽ ጠበቀ። «አለቀ?» አለ።

ሂያም ስክሪኑን አየች። የማጫወቻው መስመር ጥግ ደርሶ ቆሟል። «ኸላስ፣ አለቀ ጋሼ።»

«ዘንድሮ አንድም የሚያስጨንቅ ነገር የለማ! ተመስገን!» አለ ያረጋል። ደስታው የሚያሳሳ ነበር። ሂያም ለሁሉም እንደምታደርገው፣ ሜሞሪው ቢጠፋበት ብላ ድምፁን ኮምፒውተሯ ላይ ገልብጣ በስሙ አስቀመጠችለት፤ እሱም እየመረቃት ወጥቶ ወደ መፋዛ ሄደ።

ጥር ስምንት ቀን እንደገና ገዳሪፍ ወጣ። ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ሳለ ሎሪውን ያቆመው ቱርካ አየው። ቱርካ የገላባት መንገድ ሾፌር ነው፤ ድምፆቹን በክብሪት ቀፎ የሚያመላልሰውም እሱ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው ቱርካ። «እኔ ለሰርጉ የሄድህ መስሎኝ!»

«የማን ሰርግ?»

«እንዴ! የልጅህ ነዋ። ወንድምህን ለድግሱ ሲሸምት ገላባት አግኝቼው፣ ለአሥራ ሦስት ቆርጠናል አለኝ እኮ። ምነው፣ ታሾፋለህ?»

ያረጋል አላሾፈም። ፊቱ አመድ መስሎ ሱቁ ውስጥ ገባ። «አንቺ ልጅ» አላት ሂያምን፣ «የወንድሜን ድምፅ ምን አደረግሽው?»

ሂያም ደንግጣ ያስቀመጠችውን ከፈተች። ሰላምታው አለፈ። «በል እንግዲህ ደህና ሁን ወንድምዓለም» አለ፣ ቆመ። «አጥፍተሽዋል!» አለ ያረጋል። «አንዲት ነገር ሳይል የሚሰናበት ሰው አይደለም፣ ያን ቀንም ጠርጥሬ ነበር!» ሂያም «ወላሂ አልነካሁትም» እያለች እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ ሐጂ ኸይሩ የራሱን አሮጌ ስልክ ከኪሱ አወጣና «እስቲ በዚህ» አለ። ገልብጣ ሰጠችው። ስልኩ በራሱ ማጫወቻ ድምፁን ከፈተ። «ደህና ሁን ወንድምዓለም» አለ። አልቆመም! የጋረደው ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«ኧረ ለካስ አንዲት ነገር። ሐመልማልን ጠይቀውናል፣ ደህና ቤት ነው። እኔ አጎት ነኝ፣ የምትቆርጠው አንተ ነህ። እምቢ ካልህ እስከ ኅዳር ሚካኤል ድምፅ ላክ። ካልላክህ እሺ ብለሃል ብለን ለጥር እናደርገዋለን። ልጅቱም አባቴን ጠይቁልኝ ብላለች።»

ሃያ ሰከንድ ናት። ያረጋል አልጮኸም። «ኅዳር ሚካኤል» አለ ብቻ፣ ሁለት ጊዜ። ኅዳር ሚካኤል ካለፈ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሐጂ ኸይሩ ለመንገድ የሚሆነውን ኪሱ ከተተለት፤ ቱርካም ጭነቱን ትቶ ሎሪውን አስነሣ። አምስት ቀን ነበረው።

እሱ ሲሄድ ሂያም ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋች። በክረምቱ አዲሱን እትም ከጫነች ወዲህ ሱቁ ውስጥ የተሰሙ ድምፆች ስንት ናቸው? አሥራ አንድ ሆኑ። አሥራ አንዱንም በአጎቷ ስልክ አንድ በአንድ እስከ ጥጋቸው ሰማቻቸው። የአንዱ እናት ታማለች። የአንዱ ወንድም ዶካ ድረስ መጥቶ ሲጠብቀው ነበር። የአንዷ አባት አርባው ከወጣ ቆይቷል፣ እሷ ግን ሳቅ በሳቅ ሆና ነበር ከሱቁ የወጣችው። ወይ ጉድ! ሁሉም ከደህና ሁን በኋላ! ስልክ ያለው በስልኩ ሰምቶ ተርፏል። ስልኩ የተሰበረበት፣ የሌለው፣ ድኻው ብቻ ተለይቶ ሃያ ሃያ ሰከንዱን ተቀማ።

ከዚያ የፕሮግራሙን ኮድ አወረደችና ትቆፍር ገባች። ሦስት ቀን ፈጀባት። ሥራውን ላስረዳችሁ፤ ማጫወቻው ፋይሉን እህል በቁና እንደሚሰፈር እየሰፈረ ነው ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልከው። የመጨረሻዋን ቁና ግን ሳይልክ «ጨረስሁ» ብሎ ይደፋታል። ቁናው የሚለካው በሰዓት አይደለም፣ በፋይሉ ክብደት ነው። ጥርት ብሎ የተቀዳ ዘፈን ከባድ ስለሆነ አንድ ቁና ሁለት ሰከንድ ብቻ ይይዛል። በርካሽ ስልክ የተቀዳ የሰው ድምፅ ግን እንደ እብቅ ቀላል ነው፤ በዚያችው ቁና ሃያ ሰከንድ ይገባል። ሠሪዎቹ የሚሞክሩት በጥሩ ጥሩ ዘፈን ነዋ፣ ሁለት ሰከንድ ማን ልብ ይላል!

ጥፋቱ መች እንደ ገባም አገኘችው። በሰኔ አንዱ ያችን ቦታ ነካክቶ ከሥሩ ማስታወሻ ጽፏል፤ «ኮዱን ቀለል አድርጌ አሳምሬዋለሁ» ይላል። የሚሠራውን ነገር ማን አሳምርልን አለው? ሂያም ማስታወሻውን አንብባ አንብባ ስታበቃ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «የሀብታም ዘፈን ሁለት ይከፍላል፣ የድኻ ድምፅ ሃያ ይከፍላል! አሳምሬዋለሁ ይለኛል ደግሞ!» ሐጂ ኸይሩ ውሃ አመጣላት፤ አልጠጣችም። እሱን ከሰደበች በኋላ ራሷን ያዘች። «ሁለት ሰከንድ ምን አላት ያልሁት እኔ ነኝ። ያኔ አንድ ድምፅ ብሞክር፣ አንዲት የሰው ድምፅ ብሞክር ኖሮ!» ይህን ደግሞ ማንም ውሃ አምጥቶ የሚያበርድላት አልነበረም።

የተዘጋውን ጉዳይ ከፍታ ጻፈች። ቁናውን አስረዳች፣ ስሌቱን አስቀመጠች። በመጨረሻም ጨዋነት አለቀባትና እንዲህ አለች፦ «እናንተ ዝምታ ነው ያላችሁት ቦታ ላይ አንድ ሰው ስለ ልጁ ይጠየቅ ነበር። አልሰማም። ዝም በማለቱ ልጁን ዳሩበት። አሁንም የሚያስቸኩል አይደለም በሉኝ።»

ያረጋል በየካቲት ተመለሰ። ሱቁ ገብቶ እንደ ወትሮው አልተደገፈም፤ ቆሞ ነው የነገራቸው። መንገድ ላይ አንድ ኬላ ወረቀት የለህም ብለው ሦስት ሌሊት አስቀሩት። የቱርካ ልመና አልበጀም፣ የእሱም እንባ አልበጀም። ግቢ አስጠረጉት፣ ውሃ አስቀዱት፣ በጥምቀት ዕለት ጠዋት «ሂድ» አሉት፣ ለምን እንደያዙት ሳይነግሩት። መተማ ሲደርስ በዓሉ ነው፣ መኪና የለም። ሁለት ቀን በእግሩ ተጓዘ። አሥራ ሦስት ቀን ማታ መንደሩ ሲገባ ዳሱ ውስጥ ሰካራሞች ቀርተዋል። ሙሽሪት በቀትር ሄዳለች።

በማግስቱ ተከትሏት ሄደ። ሽማግሌ አስቀመጠ፣ ልጄን መልሱ አለ። «ተጠይቀህ ዝም ብለሃል፤ ዝም ያልህበትን አሁን መጥተህ ታፈርሳለህ?» አሉት። አልሰማሁም ቢላቸው፣ ድምፁ አልደረሰህም ወይ አሉት። ደርሶኛል። ታዲያስ? ማሽኑ መጨረሻውን በላው ብሎ ለሽማግሌ እንዴት ያስረዳ! ሳቁበት። ወንድሙ ጋረደው አልሳቀም፤ ክፉ ሰው አይደለምና ተነሥቶ ወጣ። ከልጁ ጋር ለአንድ አፍታ አገናኙት።

«ምን አለችህ?» አለችው ሂያም። መጠየቁ አስጨንቋት ነበር፣ አለመጠየቁ ደግሞ ባሰ።

«አባዬ፣ እሺ ብለሃል አሉኝ፣ አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም።»

ያረጋል ሂያምን አልወቀሳትም፣ ያ ነው ያንገበገባት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ሰላም ብሏት ወጣ።

በዚያው ሳምንት የሠሪዎቹ መልስ መጣ። ያ በክረምቱ «የሚያስቸኩል አይደለም» ያላት ሰውዬ ነው። አሁን ሌላ ሰው መስሏል። «ትክክል ነሽ፣ ስህተቱን አይቼዋለሁ፣ በጣም አዝናለሁ» ብሎ ጀመረ። እሰየው! ቀጥሎ ግን፦ «ያን ድምፅ ላኪልን። ከመሞከሪያ ፋይሎቻችን ጋር እናስቀምጠዋለን፤ ኮዱ በተነካ ቁጥር ማሽኑ ያጫውተዋል፣ ጥፋቱም ዳግመኛ አይመለስም። የመሞከሪያ ፋይሎቻችን ለማንም ክፍት ናቸው።» ከሥሩ ደግሞ ያችው የማሽን ቃል ተለጥፋለች፤ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠ ጉዳዩ ይዘጋል።

«አየህልኝ ያ ኻሎ?» አለች ሂያም። «እነሱም ኅዳር ሚካኤል አላቸው! ዝም ካልሁ ይዘጉታል!»

ሐጂ ኸይሩ ነገሩን አሰላሰለ። «ፋይሉ እጅሽ ላይ አይደለም? ላኪላቸውና ይገላገሉ። ያረጋል የት ይሰማል?»

«ሐራም ነው!» አለችው። አጎቷን እንዲህ ተናግራው አታውቅም። «እሱን ሳይጠይቁት ስንት ነገር ተደረገ! አሁን ደግሞ እኔ?» በስምንተኛው ቀን ማታ የልብስ ቦርሳዋን አዘጋጀች፤ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት በአውቶቡስ መፋዛ ወረደች።

ያረጋልን ያገኘችው ከራሀድ ወንዝ ዳር አንድ መጋዘን ደጃፍ ነው። ሰሊጡ አልቆ ማሽላ ይጭናሉ። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ጆንያ እየተቀባበለ ነበር። ስታየው ከስቷል። ወደ ጥላው ጠራችው፣ ጓደኞቹም ዐረፍ ለማለት ምክንያት አግኝተው ተከትለው መጡ።

«ጋሼ ያረጋል» አለች፣ «የወንድምህን ድምፅ ይፈልጉታል፣ ያ ማጫወቻ የሚሠሩት ሰዎች። መሞከሪያ ያደርጉታል። ግን ክፍት ነው፣ ዓለም ሁሉ ሊሰማው ይችላል። የሐመልማል ስም አለበት። ብትሰጥ ሥራቸው ይቀላል። ባትሰጥም ሌላ ድምፅ ቀድቼ እልካለሁ፣ የሚያስገድድህ የለም። ላንተው ነው የተላከው። ምን ልበላቸው?»

ያረጋል መልስ አልሰጠም። ዓይኑን ወንዙ ላይ አደረገ፤ ወንዙ ደርቆ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ቀርቶታል። ሂያም ጠበቀች። ከጓደኞቹ አንዱ ላቡን እየጠረገ፣ «ዝም አለ አይደል? እሺ ማለቱ ነው፤ ላኪው በቃ፣ ጭነቱ ይጠብቀናል» አላት።

አወይ፣ ምነው ባልተናገረ!

«ማነው እሺ ያለው?» ብላ ዞረችበት። «አፉ ሲንቀሳቀስ አይተሃል? ሰምተሃል? ያልተናገረውን ሰው እሺ ብሏል የምትሉት እስከ መቼ ነው? ያኽ፣ ምን ዓይነት ጉድ ነው!» ሰውዬው ወደ ኋላ አፈገፈገ። እሷ ግን ወደ ያረጋል ተመለሰች። «አንተም ዝም አትበለኝ ጋሼ! ፈርደህ ንገረኝ። እሺ በል፣ ወይ እምቢ በል። ዝምታህን ይዤ ገዳሪፍ አልመለስም። እዚሁ አድራለሁ እንጂ አልመለስም።»

ያረጋል አያት።

«እምቢ» አለ በለሆሳስ።

ሂያም ራሷን ነቀነቀች። እሱ ግን አልጨረሰም። ደረቱ ሞላና መጋዘን ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ ደጅ እስኪወጡ ድረስ ጮኸ። «እምቢ! እምቢ ብያለሁ! ልጄን የሰጡበት ድምፅ ነው፣ የማንም መሞከሪያ አይሆንም! አባቷ እምቢ ብሏል በያቸው! በቋንቋቸው ጻፊው፣ እምቢ ብሏል!»

ማንም «ተው» አላለውም። ሂያም ስልኳን አወጣች። ሸበካው አንዲት መስመር ብቻ ነበረች። ጻፈችና በአማርኛ እየመለሰች አነበበችለት፦ «የልጅቱ አባት ተጠይቆ እምቢ ብሏል። በእሱ ፈንታ የራሴን ድምፅ ቀድቼ እልካለሁ። ጉዳዩን አትዝጉት።» ላከችው። ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘችና ሁለቱም ስክሪኑን እያዩ ቆዩ።

«ሄደ?» አለ ያረጋል።

«ሄደ።»

«ከቀኑ በፊት ነው?»

«አምስት ቀን ይቀረዋል።»

ያረጋል ወደ ጭነቱ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ የአንዱን ጆንያ ጫፍ ያዘና፣ «እነሱስ በጊዜው ደረሳቸው» አለ።